ፀሐዩ ነፃ ነው፣ ውኃውስ? የታዳሽ ኃይልና የአየር ንብረት ሕጎች በራያ ቆቦ

ስለ ታዳሽ ኃይልና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ትልልቅ ግድቦች፣ ወደ ነፋስ ተርባይኖችና ወደ መሪዎች ጉባዔ ይሄዳል። በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከጉድጓድ አፍ ነው። ውኃው ከመሬት በታች አለ፣ ፀሐዩ ከላይ አለ፣ መሬቱም ለም ሜዳ ነው። ጥያቄው ውኃውን በምን ኃይል እናውጣው? ስንት እናውጣ? ማንስ ይፍቀድ? የሚለው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ሕጎች የሉንም ማለት አይቻልም። ችግሩ መልሶቹ በተለያዩ አዋጆች ውስጥ ተበታትነው፣ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ መገኘታቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕግ ባለሙያ ላልሆነ አንባቢ የታዳሽ ኃይል፣ የአየር ንብረትና የውኃ ሕጎቻችን ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ ባጭሩ ማሳየትና ለቆቦ ገበሬ ያላቸውን ትርጉም መመርመር ነው። እግረ መንገዴንም አንድ ሥጋት አቀርባለሁ። በእኔ እምነት በቆቦ ሜዳ ላይ ዋነኛው የአየር ንብረት ሕግ ስለ ካርቦን የሚናገረው ሳይሆን ብዙዎች የማያነቡት የውኃ አዋጅ ነው።

ሜዳውና ውኃው

ቆቦ ከተማ ከባህር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከደሴ በወልዲያ አድርጎ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል ደጋው ቀጥ ብሎ ይታያል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይለየዋል። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ለዘመናት ደለሉን ሜዳው ላይ ሲያራግፍ ኖሯል። አፈሩን ያለመለመው ይኼ ደለል ነው። ከሥር የተነጠፈው ጠጠርና አሸዋም ውኃ አጠራቃሚ ሆኗል።

ገበሬው ይህን ያውቃል። ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት በራያ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሙያ ነው። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉት የአካባቢው የማሽላ ዝርያዎች ለመድረስ ረዥም ጊዜ ስለሚወስዱ የበልጉን ዝናብ ይፈልጋሉ። በልጉ ሲቀር ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ ደግሞ የሚዞርበት የለውም። በ1958፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅ ምን እንዳደረገ መተረክ አያስፈልግም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞው ድርቅ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የበረሃ አንበጣው በራያ የደረሰ ሰብል ላይ ያደረሰው ጥፋት የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

በ1990ዎቹ ሥራ የጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ የጠብታና የስፕሪንክለር መስኖ ተዘረጋ። ማሽላ ብቻ ይበቅልበት የነበረው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ ማብቀል ጀመረ። በሐራና በሆርማት፣ በጎሊና ወንዝ ዙሪያ የመስኖ ሽንኩርት ወደ ወልዲያ፣ ወደ ደሴና ከዚያም አልፎ የሚጫንበት ዘመን መጣ። በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ከገበሬዎች ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ ታዲያ ስለ ውኃው እጥረት አልነበረም። ስለ መብራትና ስለ ናፍጣ ነበር።

ውኃ ማውጣት ማለት ኃይል ማለት ነው

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም አምስት በርሜል ገደማ፣ ከ50 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ፊዚክሱ የሚጠይቀው ኃይል 0.136 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ፓምፑና ሞተሩ ግማሹን ያባክናሉ ብለን ብናስብ 0.27 ይደርሳል። አንድ ሔክታር ሽንኩርት እስኪደርስ 5,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠጣል ብንል ጠቅላላው 1,360 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ይህን ኃይል ገበሬው ከሦስት ቦታ ሊያገኘው ይችላል። አንደኛው ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ይኼኛው ርካሽ ነው፣ ንፁህም ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ፣ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ የሚገኝ ነውና። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሲመጣ የማመንጨቱ ችግር በእጅጉ ቀሏል። የማድረሱ ችግር ግን አለ። ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ መስመር ሲቆረጥ፣ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ገበሬውን አባይ ላይ ያለው ተርባይን አይታደገውም። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ራያ ቆቦ ዘልቆ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዳግም ሲያገረሽ መብራት የሚባል ነገር ለረዥም ጊዜ ተረስቶ ነበር። ከአላማጣ በመኾኒ አድርጎ ወደ መቐለ የሚሄደው ከፍተኛ መስመር ተጠግኖ ኃይል የተሰጠው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ናፍጣ ነው። በጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይገኛል። ከላይ ላልነው አንድ ሔክታር ከ450 ሊትር በላይ ማለት ነው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር በአዲስ አበባ 49 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሊትር ናፍጣ በጥር 2017 ዓ.ም. 99 ብር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲሞች ቀርተውት ነበር። በዚያ ዋጋ የአንድ ሔክታሩ ናፍጣ ብቻ 45 ሺሕ ብር ይጠጋል። ይህ ሒሳብ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲረክስ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ሦስተኛው ሶላር ነው። ፓነሉ አንዴ ከተተከለ ፀሐይዋ ደረሰኝ አትቆርጥም። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ሜካናይዜሽንና የመስኖ መሣሪያዎችን ከቀረጥና ታክስ ነፃ ማድረጉ ዋጋውን አቅልሎት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን ዕቃው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ በብር ሲሰላ ተወደደ። ያም ሆኖ ከናፍጣው ጋር ሲነፃፀር ሶላር ወደፊት አሸናፊ መሆኑ አይቀርም።

የኃይል ሕጎቹ ጉዞ

አገራችን የመጀመሪያውን የኢነርጂ ፖሊሲ ያወጣችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲን በማቋቋም ተቆጣጣሪውን ከአቅራቢው ለየ። እስከዚያ ድረስ ‹‹መብራት ኃይል›› ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ዳኛ ነበር ማለት ይቻላል።

አዋጅ ቁጥር 810/2006 የቀድሞውን ተክቶ የኢነርጂ ባለሥልጣንን አመጣ። ሦስት ነጥቦቹ ለእኛ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክን ለንግድ ዓላማ ማመንጨት፣ ማስተላለፍ፣ ማከፋፈልና መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከማመንጨት ባልተናነሰ ኃይል መቆጠብም በሕግ የሚመራ ጉዳይ ሆነ። ሦስተኛ፣ የዋናው መስመር ታሪፍ በባለሥልጣኑ ተመርምሮ በመንግሥት እንዲፀድቅ፣ ከመስመር ውጪ ያለው ታሪፍ ግን በባለሥልጣኑ እንዲወሰን መንገድ ከፈተ። በዚያው ጊዜ የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል (የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው) እና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት (ለደንበኛው የሚሸጠው) ተባለ። የኢነርጂ ደንብ ቁጥር 447/2011 ዝርዝሩን አስቀመጠ፣ ቀጥሎም ባለሥልጣኑ ስለ ሚኒ ግሪድ፣ ማለትም አንድን መንደር ወይም አካባቢ ለብቻው ስለሚያገለግል አነስተኛ መስመር፣ መመሪያ አወጣ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የአስፈፃሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ተቆጣጣሪው ከነዳጁ ጋር ተዋህዶ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆነ።

በፖሊሲ በኩል በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶ ከመስመር ውጪ። ቀኑ ደርሶ አልፏል፣ ዕቅዱ ግን ግቡን አልመታም። የግል ባለሀብቶች ኃይል አመንጭተው ለመንግሥት እንዲሸጡ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 በሩን ከፍቷል። ይህ ግን የትልልቆቹ በር ነው። አነስተኛ አምራች የተረፈውን ኃይል በተወሰነ ዋጋ ለመስመሩ እንዲሸጥ የሚያስችል፣ ‹‹ፊድ ኢን ታሪፍ›› የሚባል ረቂቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋጅቶ ብዙ ቢወራለትም አዋጅ ሆኖ አልወጣም። ይህ ለቆቦ ምን ማለት እንደሆነ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመታት እንዲዘልቅ ተወስኗል። አቅራቢው ወጪውን ካልሸፈነ ትራንስፎርመር አይቀይርም የሚለው መከራከሪያ አሳማኝ ነው። ገበሬውም በበኩሉ ዋጋው ከጨመረ መብራቱ ይምጣልኝ የማለት መብት አለው።

የአየር ንብረት ሕጎቹ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንፁህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ አንቀጽ 92 ደግሞ የልማት ሥራዎች የአካባቢን ደኅንነት እንዳያናጉና ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ (295/1995)፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ (299/1995) እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር (300/1995) አዋጆች። መሥሪያ ቤቱ በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ጀመረ፣ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን ተባለ፣ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ሰሌዳው ሲቀያየር ፋይሉና ባለሙያው አብሮ መንከራተቱ እንደማይቀር መገመት አያዳግትም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት በ1986 ዓ.ም. አፅድቃለች፣ የፓሪስ ስምምነትን ደግሞ በ2009 ዓ.ም.። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ነገሮች ባሉበት ቢቀጥሉ በ2030 እ.ኤ.አ. 400 ሚሊዮን ቶን የሚደርሰውን ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ገደማ ለመገደብ አቀደ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ ቃል ልቀቱን በ2030 እ.ኤ.አ. በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ይላል። ከዚህ ውስጥ አገሪቱ በራሷ አቅም የምትሠራው 14 በመቶውን ሲሆን የቀረው የውጭ ድጋፍ ሲገኝ የሚፈጸም ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የረዥም ጊዜ ስትራቴጂ በ2050 እ.ኤ.አ. የተጣራ ዜሮ ልቀት ላይ መድረስን ያልማል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም የዚሁ ጉዞ አካል ነው፤ የነዳጅ ምንዛሪው ጫና እንዳለ ሆኖ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ልዩነት እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። አዋጅ ፍርድ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። ስትራቴጂ ግን መንግሥት ለራሱና ለዓለም የገባው ቃል ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ቃል እንጂ አዋጅ አይደሉም። የልቀታችን አብዛኛው ከከብት እርባታ፣ ከእርሻና ከደን ጭፍጨፋ የሚመጣ እንጂ ከኤሌክትሪክ አይደለም። የቆቦ ገበሬ በናፍጣ ሞተሩ የሚለቀው ጭስ በዓለም ሚዛን ከቁጥር አይገባም። ለእሱ የአየር ንብረት ጉዳይ ልቀት መቀነስ ሳይሆን ዝናብ ሲቀር መትረፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ 18 አማራጮችን ሲዘረዝር መስኖና ውኃ በውስጡ ናቸው። ዓለም አቀፉ የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድም በ2010 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ያፀደቀው የ45 ሚሊዮን ዶላር ዕርዳታ በድርቅ በሚጠቁ አካባቢዎች በሶላር ፓምፕ ውኃ ማቅረብን ዋነኛ ሥራው ያደረገ ነው።

የምድጃውን ነገርም ሳልጠቅስ አላልፍም። ለአብዛኛው የገጠር ቤተሰብ ‹‹ኃይል›› ማለት እንጨት፣ ኩበትና የማሽላ አገዳ ነው። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ሲሻሙበት ይኖራል። እንጀራ ሲጋገር ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ‹‹ምርጥ›› የተባለው ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ምድጃ ለእናቶችና ለእህቶቻችን ጀርባ የሚሰጠው እፎይታ ከብዙ ጉባዔ ይበልጣል።

የውኃ ሕጎቹ

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ፣ ከምድር በላይም ሆነ በታች ያለው፣ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደነገገ። ከሁሉ አስቀድሞ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጠ። ውኃ ለመጠቀምና የውኃ ሥራ ለመሥራት ፈቃድ አስፈላጊ መሆኑን አስቀመጠ፣ ዝርዝሩም በደንብ ቁጥር 115/1997 ወጣ። ሆኖም አዋጁ ከፈቃድ ነፃ ያደረጋቸው አሉ፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታ፣ የውኃ ወፍጮና የመሳሰሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገመድና በባልዲ፣ በጎርፍ ጠለፋ የሚጠቀምን ገበሬ በፈቃድ ማንገላታት ተገቢ አይሆንም ነበር።

የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ በአንድ የመስኖ አውታር የሚጠቀሙ ሰዎች ትርፍ የማያሳድድ፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር እንዲያቋቁሙ አደረገ። ማኅበሩ ውኃ ያከፋፍላል፣ አውታሩን ይጠግናል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይሰበስባል። ከኅብረት ሥራ ማኅበር የሚለየው በአውታሩ ክልል መሬት ያለው ሁሉ አባል መሆኑ ነው። አንዱ እየከፈለ ሌላው በነፃ እንዳይጠጣ ማለት ነው።

ሌላው ጥያቄ የሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ጎሊና ወደ አፋር ይወርዳል፣ ስለዚህ ጉዳዩ የወረዳና የክልል ብቻ አይደለም። በዚያ አንቀጽ የከርሰ ምድር ውኃ በስሙ አልተጠቀሰም። የከርሰ ምድር ውኃ ግን የቀበሌ፣ የወረዳም ሆነ የክልል ወሰን አያውቅም። ሮቢት ላይ የተሳበው ሌላ ቦታ የቆመውን ይነካል።

ሕጎቹ የማይገናኙበት ቦታ

አሁን ወደ ሥጋቴ ልምጣ። ናፍጣ ውድ መሆኑ ገበሬውን ይጎዳዋል፣ ግን አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ውኃ እንዳይስብ ኪሱ ይቆጣጠረው ነበር። የመብራት ቆጣሪም እንዲሁ ነው። ሶላር ግን አንዴ ከተከፈለ በኋላ ተጨማሪዋ ሜትር ኩብ በነፃ ትወጣለች። ፀሐይ ካለች ፓምፑን ማጥፋት ለምን? እኔ ባጠፋው ጎረቤቴ ይስበዋል የሚል ስሌት ይመጣል። ‹‹ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው›› ያሉት አበው ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

ውኃው ከ50 ሜትር ወደ 60 ሜትር ቢወርድ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል በ20 በመቶ ይጨምራል። የሚጎዳው ማነው? ሶላር ያለው ተጨማሪ ፓነል ይጨምራል። የመብራትና የናፍጣ ከፋዩ ወጪው ይንራል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለው ደግሞ ጉድጓዱ ይደርቃል። ከድርቅ ሊያድነን የመጣው ቴክኖሎጂ ለድርቅ ቀን የተቀመጠውን ውኃ በደህናው ቀን ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ያየዋል ወይ? የኃይል ሕጉ የሚያየው የሚሸጥ ኤሌክትሪክን ነው፤ ገበሬው ለራሱ የሚስብበት ፓነል ጉዳዩ አይደለም። የቀረጥ ሕጉ ፓምፑን ከቀረጥ ነፃ ሲያስገባ ውኃው ስንት እንደሆነ አይጠይቅም። የአየር ንብረት ስትራቴጂው በናፍጣ ፋንታ ሶላር መተከሉን እንደ ድል ይመዘግባል። የውኃ አዋጁ ደግሞ በእጅ የተቆፈረውን ጉድጓድ ነፃ ሲያደርግ በአፉ ላይ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ የሚሠራ ፓምፕ ይቀመጥበታል ብሎ አላሰበም። ሁሉም በየፊናው ትክክል ነው፣ ድምሩ ግን ስህተት ሊሆን ይችላል።

የሌላው አገር ልምድም ይህንኑ ያሳያል። በህንድ በርካታ ግዛቶች ለመስኖ የሚሰጠው እጅግ የተደጎመ ኤሌክትሪክ የከርሰ ምድር ውኃን አሟጧል። በጉጅራት ግዛት ዱንዲ በተባለች መንደር በ2008 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ሙከራ ግን ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሶላር ፓምፕ ያላቸው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ለመስኖ ያልተጠቀሙበትን ኃይል ለዋናው መስመር ይሸጣሉ። እዚያ ፓምፑን ማጥፋት ገቢ ያስገኛል። ውኃን መቆጠብ በስብከት ሳይሆን በሒሳብ ይመጣል። ለዚህ ነው ያ በረቂቅ የቀረው የፊድ ኢን ታሪፍ ሕግ ለቆቦ የሩቅ ነገር አይደለም የምለው።

‹‹የተራበ ሰው ስለ ነገ ይጠየቃል?››

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ይቆጣሉ። ወሎ ስንት ጊዜ ተርቦ አሁን ውኃ አገኘ ሲባል ገደብ ታመጣለህ? ፈቃድ የሚሉት ነገርስ ለጉቦ በር መክፈት አይደለም? ይላሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው።

ለመጀመሪያው መልሴ፣ ገደቡ የሚያስፈልገው ለተራበው ሲባል ነው የሚል ነው። ውኃው ሲወርድ መጀመሪያ የሚደርቀው የድሃው ጉድጓድ ነው። ለሁለተኛው ሥጋት በከፊል እስማማለሁ። በየማሳው ተቆጣጣሪ መላክ አይቻልም፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ባለሙያ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ባደረገበት ሁኔታ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከቢሮ ሳይሆን ከውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቢጀምር ይሻላል። የውኃ አባት መርጦ፣ ተራ ይዞ፣ ጎርፍ በስምምነት ሲከፋፈል የኖረ ሕዝብ ይህን አያውቅም አይባልም።

በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በድጋፍ ወይም ከቀረጥ ነፃ የሚተከል እያንዳንዱ የሶላር ፓምፕ የውኃ ቆጣሪ ይኑረው። ሁለተኛ፣ በሸለቆው ውስጥ የውኃውን ከፍታ የሚለኩ ጉድጓዶች ተመርጠው ውጤቱ በየወቅቱ ለማኅበራቱ በአማርኛ ይነገር። ሦስተኛ፣ ‹‹በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ›› የሚለው ነፃነት የቆፋሪውን እጅ ብቻ ሳይሆን የፓምፑን አቅምም እንዲያይ ይስተካከል። አራተኛ፣ የተደራጁ ገበሬዎች የተረፋቸውን ኃይል ለመስመሩ እንዲሸጡ ሕጉ ይፍቀድ።

ገበሬውና ማኅበሩ ምን ያድርጉ?

ሕጉ እስኪሻሻል ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። በአውታር የሚጠቀሙ ገበሬዎች በአዋጅ 841/2006 መሠረት ማኅበራቸውን ቢያስመዘግቡ በስማቸው መዋዋል፣ መክሰስና ክፍያ መሰብሰብ ይችላሉ። ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ወይም ድርጅት የውኃ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዝ፣ የቆፋሪውንም የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቅ፤ ነገ ክርክር ሲነሳ የቀደመና ሕጋዊ መሆኑን የሚያስረዳለት ያ ወረቀት ነው። የጉድጓዱን ጥልቀትና ሲቆፈር የነበረውን የውኃ ከፍታ ደብተር ላይ ማስፈርም አይርሱ።

በአካባቢው ትልቅ ፕሮጀክት ሲመጣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ ሰነዱ ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰጥበት አድርጓል። ‹‹ሰነዱን አሳዩን›› ማለት ድፍረት ሳይሆን መብት ነው። አካባቢን የሚጎዳ ሥራ ሲታይም የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኑ ካለፈ መብቱም አብሮ ስለሚያልፍ ማመልከቻ ሲገባ ቀንና ቁጥር ያለው ቅጂ መቀበል ግድ ነው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በብራዚል ቤሌም በተካሄደው ጉባዔ ኢትዮጵያ በ2027 እ.ኤ.አ. የሚካሄደውን 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባዔ እንድታስተናግድ ተወስኗል። አዲስ አበባ እንግዶቿን ስትቀበል ስለ ህዳሴ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምትናገረው አታጣም። ከዚያ በፊት ግን በቆቦ ሜዳ ላይ የሚተከለው ፓነል ከሥሩ ስላለው ውኃ የሚጠይቅ ሕግ ቢኖረው፣ የምንናገረው ነገር ለልጆቻችንም የሚተርፍ ይሆን ነበር።

ቸር ይግጠመን!